ዛፍ ላይ የሚያውል ቀበቶ፦ ለሐዋሳ ዛፍ መልማዮችና ቆራጮች የሃርነስ አመራረጥ

ሱቅ ውስጥ ቆሞ የተለካ ቀበቶ ሁሉ ይመቻል። ልዩነቱ የሚወጣው ሐይቁ ዳር ካለ ዋርካ ላይ ሁለት ሰዓት ተንጠልጥሎ ከተዋለ በኋላ ነው፤ አንዱ ጭኑ ደንዝዞ በአንድ እጁ ቅርንጫፍ ይዞ በሌላው እግሩን ያሻል፣ ሌላው መጋዙን እየሳበ ነው። እግሩ የደነዘዘ ሰው ቶሎ ጨርሶ መውረድ ይፈልጋል። ያኔ ነው ሁለተኛውን ገመድ ሳያስር የሞተር መጋዝ የሚያስነሳው። ከዚህ በታች ስለ ምቾት ብዙ የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃው በየሱቁ ሃርነስም፣ ሴፍቲ ቤልትም፣ ቀበቶም ይባላል። እዚህ «ቀበቶ» ስንል ወገብንና ሁለቱን ጭኖች ይዞ ሰውን እንደተቀመጠ የሚያንጠለጥለውን ሙሉ ዕቃ ነው።

1. መጀመሪያ የማን ቀበቶ እንደሆነ ለዩ

ከሩቅ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሦስት ዓይነቶች አሉ። በከተማችን ሱቆች በብዛት የሚገኘው የግንባታ ሠራተኛ ቀበቶ ነው። ትከሻና ደረት ላይ ያልፋል፣ ዋናው ቀለበቱ ጀርባ ላይ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል ነው። የተሠራው ከፎቅ የወደቀን ሰው ለመያዝ ነው። በዚህ ቀበቶ ዛፍ ላይ ብትንጠለጠሉ ፊታችሁ ወደ መሬት ይደፋል፣ የጭን ማሰሪያው ብሽሽት ውስጥ ይገባል፣ ግንዱ ላይ እጃችሁ አይደርስም። ለወደቀ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው፤ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ግን ሥቃይ ነው። መለያው ላይ ብዙውን ጊዜ ኢኤን 361 የሚል ቁጥር አለው፤ ኢኤን ማለት የአውሮፓ የጥራት መስፈርት ነው።

ሁለተኛው የድንጋይ ወጪዎች፣ ማለትም ለስፖርት ገደልና ቋጥኝ የሚወጡ ሰዎች ቀበቶ ነው፤ ቁጥሩ ኢኤን 12277። ቀጭን፣ ቀላልና ማራኪ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣ ይዞት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ድንጋይ ወጪው በእግሩ ቆሞ ይወጣል፤ ገመዱ ላይ የሚቀመጠው ለደቂቃዎች ነው። የጎን ቀለበት የለውም፣ ስፖንጁም ስስ ነው። ተመላልሶ ተንጠልጥሎ ለሚጋዝ ሰው አይሆንም።

ሦስተኛው የዛፍ ሠራተኛ ቀበቶ ነው። መለያው ላይ ሁለት ቁጥሮችን አንድ ላይ ፈልጉ፦ ኢኤን 358 በጎን ቀለበቶች ግንድ አቅፎ ለመሥራት፣ ኢኤን 813 ደግሞ ተቀምጦ ለመንጠልጠል። የፔትዝል ሴኮያና የቶይፈልበርገር ትሪሞሽን በዓለም ላይ ብዙ የዛፍ ሠራተኞች የሚያውቋቸው የዚህ ዓይነት ቀበቶዎች ናቸው። ስማቸውን የጠቀስነው ሱቅ ስትጠይቁ ወይም በስልክ ፎቶ ስታሳዩ እንዲረዳችሁ ነው፤ የግድ እነሱን ግዙ ለማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ። የዛፍ ቀበቶ ውድቀት እንዲይዝ አልተሠራም። ገመዱ ምንጊዜም ከበላያችሁ ታስሮ የተወጠረ መሆን አለበት። ከማሰሪያው ቦታ በላይ ወጥታችሁ ገመዱን አላልታችሁ ብትወድቁ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን ቀበቶው ወገባችሁን ይሰብራል እንጂ አያድናችሁም።

2. የምትወጡትን ዛፍ አስቡ

ቀበቶ የሚመረጠው በሥራው ነው። ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ ግንድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግንዱን አቅፋችሁ በጎን ቀለበቶች ላይ ተደግፋችሁ ትቆማላችሁ። እዚህ ቦታ ወሳኙ የወገብ ቀበቶው ስፋትና የጎን ቀለበቶቹ አቀማመጥ ነው። ዋርካና ሾላ ግን ወደ ጎን የሚንሰራፉ ናቸው፤ ከግንዱ ርቃችሁ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ትዞራላችሁ፣ ክብደታችሁ በሙሉ ከፊት ባለው ገመድ ላይ ነው። እዚህ የጭን ማሰሪያውና ብሪጁ (ከፊት ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋው አጭር ገመድ፤ በክፍል 6 እንመለስበታለን) ይፈርዳሉ። ግራቪሊያና አቮካዶ ቅርንጫፋቸው ተሰባሪ ስለሆነ ዋናው ጥያቄ ገመዱን የት እናስር የሚለው ይሆናል፤ ግን ብዙ ጊዜ ትንንሽ ስለሆኑ ሥራው ቶሎ ያልቃል። በየጎዳናው ያለው ጃካራንዳ በባሕር ዛፍና በዋርካ መካከል ነው።

በአብዛኛው ባሕር ዛፍ የምትቆርጡ ከሆነ ውዱን ብሪጅ ያለውን ቀበቶ መግዛት ብር ማባከን ሊሆን ይችላል። የሆቴልና የመኖሪያ ግቢ ትልልቅ ዛፎችን የምትመለምሉ ከሆነ ግን እዚያ ላይ አትቆጥቡ።

3. መለያውን አንብቡ

መለያው አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ ቀበቶው ውስጠኛ በኩል ተሰፍቷል። እነዚህን ፈልጉ፦ የኢኤን ቁጥሮቹ፣ ሲኢ የሚለው (የአውሮፓን ደንብ ማሟላቱን የሚገልጽ) ምልክትና ከጎኑ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር፣ የተሠራበት ጊዜ፣ የዕቃው መለያ ቁጥር፣ የሚሸከመው የሰው ክብደት። ባለ አራት አሃዙ ቁጥር ምርቱን የሚቆጣጠረው ተቋም ነው፤ ለምሳሌ 0082 የፈረንሳዩ አፓቭ፣ 0123 የጀርመኑ ቱፍ ዙድ ነው። ሲኢ ብቻ ታትሞ ቁጥሩ ከሌለ፣ ወይም መለያው በወረቀት የተለጠፈና በእርጥብ ጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ተዉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዓመቱ ላይ ነው። መለያው ላይ ያለው ዓመት የፈረንጆች ነው። በእኛ 2018 ዓ.ም. ላይ ሆኖ «2018» የሚል ያየ ሰው ዘንድሮ የወጣ ይመስለዋል፤ ዕቃው ግን የተሠራው በእኛ 2010 ወይም 2011 ነው። ፔትዝል ላይ ዓመቱ ከመለያ ቁጥሩ መጀመሪያ ባሉት ሁለት አሃዞች ይታወቃል። ይኸው አምራች ለጨርቅና ለፕላስቲክ ዕቃዎቹ ከተሠሩበት ቀን ጀምሮ ቢበዛ 10 ዓመት ይሰጣል፤ ሳጥን ውስጥ ታሽጎ ቢቀመጥም ቆጠራው አይቆምም። ስለዚህ ያ «አዲስ» ቀበቶ ከዕድሜው አብዛኛውን መጋዘን ውስጥ ጨርሶታል። ሻጩ ላያውቅ ይችላል፤ እናንተ ግን በዋጋው ላይ ተነጋገሩበት።

ክብደቱን ስታነቡ የራሳችሁን ኪሎ ብቻ አታስቡ። ገመድ፣ ካራቢነሮች (የሚከፈቱና የሚዘጉ የብረት ማያያዣ ቀለበቶች)፣ የእጅ መጋዝ፣ የሞተር መጋዝ፣ ውኃ ሲደመር 10 ኪሎ መድረሱ ብርቅ አይደለም። መለያው 100 ኪሎ ካለ 95 ኪሎ ለሆነ ሰው ጠባብ ነው።

4. ለኩ

የልብስ ሜትር፣ የሥራ ሱሪ፣ የሥራ ጫማ። የሞተር መጋዝ የሚከላከል ወፍራም ሱሪ የምትለብሱ ከሆነ እሱኑ ለብሳችሁ ለኩ፤ በቀጭን ቱታ የተለካ ቀበቶ በወፍራሙ ላይ አይዘጋም። ወገብ የሚለካው የጂንስ ቀበቶ በሚታሰርበት ቦታ አይደለም፤ ከዳሌ አጥንት ጫፍ በላይ ነው። ጭን የሚለካው ከብሽሽት ዝቅ ብሎ በወፍራሙ ላይ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ከአምራቹ ሰንጠረዥ ጋር አመሳክሩ።

ሁለት መጠን መካከል ከወደቃችሁ ማሰሪያው በመሃል ላይ የሚቆመውን ምረጡ። ተለብሶ ጠብቆ ሲታሰር ከዘለበቱ የሚተርፈው ጫፍ ከ10 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ በሌላው በኩል ደግሞ ለመጥበቅ ጥቂት መንገድ ይቅረው። እስከ መጨረሻው ተስቦ የጠበቀ ቀበቶ ጾም ሲመጣ ይሰፋል። ቀልድ አይደለም፤ ከሁዳዴ በኋላ ሦስትና አራት ሴንቲ ሜትር የሚቀንስ ሰው አለ።

5. ተንጠልጥላችሁ ፈትኑ

ከሁሉም በላይ ይህን አትዝለሉ። ሻጩ ከፈቀደ ሱቁ አጠገብ ካለ ጠንካራ ነገር፣ ካልፈቀደ «ካልተስማማኝ እመልሳለሁ» የሚል ስምምነት ይዛችሁ ግቢ ውስጥ ካለ ዛፍ። ሕያው፣ ውፍረቱ ከጭን የማያንስ ቅርንጫፍ ላይ፣ ግንዱ አጠገብ እሰሩ። እግራችሁ መሬት ሊነካ በሚችልበት ከፍታ ብቻ ተንጠልጠሉ። ሰው አጠገባችሁ ይቁም። ቀበቶ ላይ ያለ እንቅስቃሴ ተንጠልጥሎ መቆየት ደም እግር ውስጥ እንዲቀር አድርጎ በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ሊያስት ይችላል። ስለዚህ እግራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ፣ አልፎ አልፎም መሬት እየረገጣችሁ 20 ደቂቃ ቆዩ። አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ መጥፎ ቀበቶም አምስት ደቂቃ ይመቻል።

ከመንጠልጠላችሁ በፊት የወገቡን አጥብቁ። ሁለት ጣት ብቻ ይግባ፣ ወደ ታች ስትስቡት ዳሌ አጥንት ላይ ያርፍ እንጂ አይለፍ። የጭኑን ሲሆን የተዘረጋ መዳፍ ይግባ፣ የተጨበጠ እጅ አይግባ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ።

አሁን ሰውነታችሁ የሚለውን ስሙ።

የወገብ ቀበቶው ወደ ጎድን ከወጣና ትንፋሽ ካሳጠረ ክብደቱ በጣም ወደ ጀርባ ሄዷል፤ ጭኑ አልተሸከመም ማለት ነው። ወገቡንና ጭኑን የሚያገናኙትን የጎን ማሰሪያዎች ወይም መቀመጫ ሥር ያሉትን ሁለት ማሰሪያዎች አሳጥሩ፤ የጭኑ ማሰሪያ ወደ ላይ ይመጣና ድርሻውን ይወስዳል። በተቃራኒው ወደ ኋላ የምትንጋለሉ ከሆነና ራሳችሁን ለማቃናት ሆዳችሁን የምትስቡ ከሆነ ክብደቱ ሁሉ ጭን ላይ ነው፤ እነዚያኑ ማሰሪያዎች አስረዝሙ። በትክክል የተስተካከለ ቀበቶ ላይ ሰው እንደ ዝቅተኛ ዱካ ላይ እንደተቀመጠ ይሆናል፤ ጀርባው ትንሽ ወደ ኋላ፣ ጉልበቱ ከዳሌው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሁለት እጁ ነፃ።

የጭን ውስጠኛው ክፍል ከደነዘዘ ወይም የእግር ጣት መውጋት ከጀመረ ማሰሪያው ጠባብ ነው፣ ወይም ጠርዙ ደረቅ ነው። ጠርዙን በጣት ዳብሱት፤ ስፖንጁ ከማሰሪያው ጠርዝ አልፎ ካልወጣ ደረቁ ጨርቅ ሥጋ ይቆርጣል። የጭን ስፖንጅ ስፋቱ ከአራት ጣት በታች ከሆነ ለረጅም ቀን አይሆንም። ጭን ላይ ጎን ለጎን የሚታይ የቀላ መስመር ከወረዳችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ ሌላ ቀበቶ ፈልጉ።

ዳሌ ከሁለት ጎን እንደ ጉጠት የሚጨመቅ ከሆነ ችግሩ ከወገቡ ይልቅ ብሪጁ ላይ ሊሆን ይችላል። ወደዚያ እንሂድ።

6. ብሪጁ

ብሪጅ የሚባለው ከፊት በኩል ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ድልድይ የተዘረጋው አጭር ገመድ ወይም ጠፍጣፋ ማሰሪያ ነው። በላዩ ላይ ቀለበት ይንሸራተታል፤ መውጫው ገመድ የሚታሰረው እዚህ ቀለበት ላይ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ወደ ቀኝ ስትዘነበሉ ቀለበቱ አብሯችሁ ይንሸራተታል፤ ሰውነታችሁ ሲዞር ገመዱ አይጠመዘዝም። ለዋርካ ሥራ ብሪጅ የሌለውን ቀበቶ አንመክርም።

ርዝመቱ ብዙ ነገር ይወስናል። አጭር ብሪጅ ቀለበቱን ወደ ሆድ ስለሚያስጠጋ የገመዱን ቋጠሮ በቀላሉ ትደርሱበታላችሁ። ነገር ግን ሁለቱን የጎን ማያያዣዎች ወደ ውስጥ ይስባል፣ ዳሌን ይጨምቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ገመዱ ሲያጥር ማዕዘኑ ይከፈታል፣ ማዕዘኑ ሲከፈት ወደ ጎን የሚሳበው ኃይል ይጨምራል። ረጅም ብሪጅ ዳሌን ያሳርፋል፣ ወደ ጎን ይለቃል፤ ግን ቀለበቱ ወደ ፊት ስለሚርቅ ቋጠሮው ከእጅ ይወጣል። መካከለኛውን ማግኛ መንገድ ይህ ነው፦ ተንጠልጥላችሁ ሳለ ቀለበቱ በእምብርትና በደረት አጥንት ጫፍ መካከል ይሁን፣ ክርናችሁን አጥፋችሁ ቋጠሮውን መጨበጥ ቻሉ። ርዝመቱ የሚስተካከል ብሪጅ ያለው ቀበቶ ከተገኘ ትንሽ ጨምሮ መግዛት ያዋጣል።

ከቀበቶው ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀውም ብሪጁ ነው፤ ቀለበቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ይመላለስበታል። ስለዚህ ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ «ብሪጁ ብቻውን ይቀየራል ወይ? መለዋወጫውስ ይገኛል?» ይሁን። ብሪጁ ከቀበቶው ጋር የተሰፋ ከሆነ፣ ብሪጁ ሲያልቅ ቀበቶው ሁሉ አለቀ ማለት ነው። ጠንካራ ወገብ ያለው ቀበቶ በአንድ ሜትር ገመድ ምክንያት ሲጣል ያስቆጫል። ከገዛችሁ ጋር አንድ ትርፍ ብሪጅ አብራችሁ አስመጡ።

ከገበያ የተገዛ ተራ ናይለን ገመድ ቆርጦ ብሪጅ ማድረግ ግን አይሞከር። ገመዱ ላያንስ ይችላል፤ ቋጠሮው ግን ያለ ተገቢው ማቆሚያ ይሾልካል፣ ቀለበቱም ልባሱን በቶሎ ይፍቀዋል። ካራቢነርንም ያለ ቀለበት በቀጥታ ጠፍጣፋ ብሪጅ ላይ አታንሸራትቱ።

7. የጎን ቀለበቶች

ዳሌ ላይ ግራና ቀኝ ያሉት ናቸው። ግንዱን የሚያቅፈው አጭር ገመድ ከአንዱ ተነስቶ ግንዱን ዞሮ ሌላው ላይ ይታሰራል። ስትፈትኑ ግንድ አቅፋችሁ፣ እግራችሁን ግንዱ ላይ ተክላችሁ ወደ ኋላ ተደገፉ። ቀለበቶቹ በጣም ወደ ፊት የመጡ ከሆነ የዳሌ አጥንትን ይወጋሉ፤ በጣም ወደ ኋላ የሄዱ ከሆነ ቀበቶው ሆድ ላይ ይጠብቅና ከጀርባ ይላላል። ጥሩዎቹ ከጎን መሃል ትንሽ ወደ ፊት ያሉ፣ ተኝተው የሚቀመጡና ሲፈለጉ በጓንት እጅ የሚያዙ ናቸው። በወፍራም ጓንት ሞክሩት፤ ተጣብቆ የሚቀር ቀለበት ከላይ ስትሆኑ ያናድዳል።

ሁለቱን አንድ ላይ ተጠቀሙባቸው፣ ገመዱን ከወገብ በታች አታውርዱት፣ አታላሉት። በሞተር መጋዝ ስትቆርጡ መውጫው ገመድም ይህም ገመድ ሁለቱም ይታሰሩ፤ አንዱን መጋዙ ቢነካው ሌላው ይይዛል። ለዚህ ሥራ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው ግንድ አቃፊ ገመድ ይመረጣል። እሱም ቢሆን የመጋዝ ሰንሰለትን ለቅጽበት ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። በመብራት ሽቦ አጠገብ ግን የብረት ሽቦ ያለው ገመድ ሌላ አደጋ ነው። ዛፉ ሽቦ የነካ ከሆነ የመብራት ኃይል ሰዎች መጥተው መስመሩን ሳያጠፉ ማንም አይውጣ።

ከወገብ ቀበቶው ዙሪያ የሚታዩትን ትንንሽ የፕላስቲክ ወይም የቀጭን ክር ቀለበቶች ከእነዚህ ጋር አታምታቱ። እነሱ የዕቃ ማንጠልጠያ ናቸው፤ መጋዝና ካራቢነር እንጂ ሰው አይሸከሙም። አዲስ ሠራተኛ በችኮላ ገመዱን እዚህ ላይ ሲያስር ይታያል። በአዲሱ ቀበቶ ላይ ሰው የሚሸከሙትን ነጥቦች በጣት እየነካችሁ አሳዩት፤ በቃል ብቻ አይበቃም።

8. ዘለበት፣ ስፌትና ስፖንጅ

ሁለት ዓይነት ዘለበት አለ። አሮጌው ዓይነት ማሰሪያው ከገባ በኋላ ተመልሶ በራሱ ላይ ካልታጠፈ ክብደት ሲያርፍበት ይሾልካል። አዲሱ «ቀጭ» ብሎ የሚገባው ነው። የኋለኛው ለጭን ይመቻል፤ ጠዋትና ማታ እግር ሳያነሱ ይታሰራል። ጠላቱ ግን አሸዋ ነው። የሐዋሳ አፈር ፑሚስ (ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላል ድንጋይ) የበዛበት ነው፤ ቀበቶውን መሬት ላይ የመወርወር ልማድ ካለ ደቃቁ ፑሚስ ዘለበት ውስጥ ገብቶ ግማሽ መንገድ እንዲይዝ ያደርገዋል። ግማሽ የያዘ ዘለበት የተዘጋ ይመስላል። ስለዚህ ድምፁን ሰምታችሁ ሳትበቁ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ስባችሁ አረጋግጡ።

ስፌቱን በፀሐይ ብርሃን እዩት። በጥሩ ዕቃ ክሩ ከማሰሪያው የተለየ ቀለም አለው፤ አንድ ክር ቢበጠስ እንዲታይ ነው። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ እኩል፣ ጫፉ ያልተንጠለጠለ ይሁን። ጥቁር በጥቁር የተሰፋ ርካሽ ቀበቶ ላይ የተበጠሰ ክር ለማየት እንኳ ያስቸግራል።

ስለ ስፖንጁ፣ በጣም ለስላሳ የሆነው አያታልላችሁ። በአውራ ጣት ተጭናችሁት ሥሩ ድረስ ከሰመጠ ከሁለት ሰዓት በኋላ የለም ማለት ነው። ትንሽ ጠንከር ያለ፣ ተጭኖ ቀስ ብሎ የሚመለስ ይሻላል። ውስጡ አየር የሚያሳልፍ መረብ ጨርቅ ይኑረው፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት ላብ የጠጣ ወፍራም ስፖንጅ ወገብን ይልጣል።

ከጭን ማሰሪያ ይልቅ ጣውላ የመሰለ መቀመጫ ያላቸውም አሉ። ረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ለሚቀመጥ ሰው እንደ እነሱ የሚመች የለም። በቅርንጫፎች መካከል ስትሹለከለኩ ግን መቀመጫው ይያዛል፣ ስትራመዱም ከኋላ ይመታል። ለዋርካ ጥሩ፣ ጥቅጥቅ ላለ ዛፍ መጥፎ ነው።

9. ግዢው

በሐዋሳ ሱቆች የሚገኘው በአብዛኛው የግንባታው ዓይነት ስለሆነ የዛፉን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስመጣት የተለመደ ነው። ያኔ መልእክቱ «ለዛፍ የሚሆን ሃርነስ» ብቻ ከሆነ የሚመጣው የድንጋይ ወጪው ቀበቶ ነው። ይህን ጻፉለት፦ ኢኤን 358 እና ኢኤን 813 ያለው፤ የጎን ቀለበት ያለው፤ ብሪጁ የሚቀየር፤ የወገቤ ልክ ይህን ያህል፣ የጭኔ ልክ ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር፤ ከነመመሪያ ወረቀቱና ከአንድ ትርፍ ብሪጅ ጋር። ከመክፈሉ በፊት የመለያውን ፎቶ ይላክላችሁ።

ልባሽ ቀበቶ አትግዙ። ጫማና ጃኬት ቢሆን ጉዳቱ ይታያል። ቀበቶ ግን በአንድ ከባድ ውድቀት ከተጎተተ ወይም የባትሪ ውኃ ከነካው ከውጭ ሳይታይ ሊዳከም ይችላል፤ ታሪኩን የሚያውቀው የቀድሞው ባለቤት ብቻ ነው። ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አያዋጣም።

10. ዕድሜውን ማራዘም

ናይለንን የባትሪ አሲድ ይበላዋል። በባጃጅ ወይም በፒክአፕ ዕቃ ስታጓጉዙ ቀበቶው ከባትሪ አጠገብ፣ ከቤንዚንና ከሰንሰለት ዘይት ጋር አንድ ማዳበሪያ ውስጥ አይግባ። የራሱ ከረጢት ይኑረው። ፀሐይም ቀስ እያለ ያደርቀዋል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ስለሆነች ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። ከሥራ በኋላ ቆርቆሮ ላይ ማስጣት ቀርቶ ጥላ ውስጥ መስቀል ነው።

ዋርካና ሾላ ሲቆረጡ የሚፈሰው ነጭ ወተት ማሰሪያው ላይ ደርቆ ሙጫ ይሆናል፤ አቧራም ይሰበስባል። አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ የሚያድርበት ዛፍ ላይ ከዋላችሁም ኩሱ ዘለበት ውስጥ ይደርቃል። ሁለቱንም በዚያው ቀን ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ለብ ያለ ውኃና በገላ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። በረኪና፣ ቤንዚንና የማሽን ማጠቢያ ፈሳሽ አይነካውም። እሳት ዳር አይደርቅም።

ጠዋት ጠዋት ከመልበሳችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። ማሰሪያውን ወደ ኋላ እያጠፋችሁ በጣት ዳብሱ፤ መታጠፊያው ላይ የተቆረጠ ክር ብቅ ይላል። የተቃጠለ፣ እንደ ፕላስቲክ የጠጠረና ያብለጨለጨ ቦታ ካለ በፍትጊያ ሙቀት ቀልጧል። ብሪጁን ቀለበቱን ገፍታችሁ ከሥሩ ያለውን እዩ፤ የውስጡ ነጭ ክር ከታየ በዚያው ቀን ይቀየር። ቀለበቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ ቀለበቱም ይቀየር። ካራቢነሮቹ በሦስት እንቅስቃሴ የሚከፈቱ ሆነው ሲለቀቁ ራሳቸው እስከ መጨረሻው ይዘጉ።

የተበጠሰ ስፌት ሲገኝ ወደ ልብስ ሰፊ መውሰድ የተለመደ ስሕተት ነው። በዚች ከተማ የልብስ ፋብሪካውም ሰፊውም ብዙ ነው፣ ሙያቸውም አይታማም፤ ግን የዚህ ስፌት ክር፣ የመርፌው ውፍረትና የመስመሮቹ ቁጥር ከሱሪ ጋር አይገናኝም፤ መርፌው ራሱ የማሰሪያውን ክሮች ይቆርጣል። ሸክም በሚሸከም ስፌት ላይ የሚሠራ ጥገና የለም።

ዕድሜውን የጨረሰ ቀበቶ ሲጣል ማሰሪያዎቹን በቢላ ቆራርጡ፣ መለያውን ቀዳችሁ አውጡ። ሙሉውን ከተጣለ አንዱ አንስቶ ያጥበዋል፣ ሳምንት ሳይሞላም ሌላ ልጅ ለብሶት ዛፍ ላይ ይታያል።